ሉፐስ ያለባት እህቴ መውለድ ትፈልጋለች፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?

ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ እህቴ 29 ዓመቷ ነው፤ አዲስ አበባ ነው የምንኖረው። ሉፐስ (የሰውነት መከላከያ የራስን አካል የሚያጠቃበት በሽታ) እንዳለባት የታወቀው ሁለት ዓመት ከተንከራተትን በኋላ ነው። መጀመሪያ ሪህ ነው ተባለ። ፊቷ ላይ የወጣውንም ማድያት ነው አሉን። በመጨረሻ ሉፐስን ለመለየት የሚረዱት የኤኤንኤና የፀረ ዲኤንኤ የደም ምርመራዎች ተሠርተውላት ተለየ።

ሃይድሮክሲክሎሮኪን የተባለውን የሉፐስ መድኃኒት ስትጀምር መገጣጠሚያዋ ተሻላት፤ እፎይ አልን። አሁን ግን ሽንቷ ውስጥ ፕሮቲን ተገኘ፤ ይህ የኩላሊት መነካት ምልክት ነው። ከኩላሊቷ ናሙና ተወስዶ ማይኮፌኖሌት የተባለ የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት ታዘዘላት። እሷ ደግሞ ያገባችው አምና ነው፤ ልጅ ትፈልጋለች። ማይኮፌኖሌት ግን ፅንስ ይጎዳል፤ ከማርገዝ ቢያንስ 6 ሳምንት በፊት መቆም አለበት። በእርግዝና ጊዜ አዛታዮፕሪን በሚባል ሌላ መድኃኒት እንደሚተካ፣ ሃይድሮክሲክሎሮኪኑም እንደማይቋረጥ አንብቤያለሁ። ግን ከማርገዟ በፊት በሽታው ቢያንስ 6 ወር ጋብ ማለት አለበት። እሷ "ጊዜዬ እያለፈ ነው" እያለች ማታ ማታ ታለቅሳለች። መድኃኒቱን በድብቅ እንዳታቆመው እፈራለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2022 ጀርመን ኤርላንገን ውስጥ የራሳቸው የመከላከያ ሴል ተሻሽሎ የተሰጣቸው 5 የሉፐስ ሕሙማን ያለ መድኃኒት መቆየታቸውን ሳነብ ተስፋ አደረግሁ። ለእኛ ግን ገና ሩቅ ነው።

እባካችሁ፣ ኩላሊቷ ተነክቶ መድኃኒት ቀይራ የወለደች አለች? ስንት ጊዜ ጠበቃችሁ? የሩማቶሎጂ (የመገጣጠሚያና እንደ ሉፐስ ያሉ በሽታዎች) እና የማሕፀን ሐኪሞቻችሁን እንዴት አንድ ላይ አማከራችሁ? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ እንድትታገሥ ምን ብዬ ልንገራት?