ድፎዬ ሥሩ እያረረ ነው፣ መሀሉ ግን ገና ሊጥ ነው! ቶሎ መልሱልኝ

የናቲ እናት
እህቶች ቶሎ በሉልኝ። ዳቦው አሁን ምጣድ ላይ ነው። የማረር ሽታ እየመጣ ነው። ቢላ ብሰካበት ግን ሊጥ ተጣብቆ ወጣ። ላጥፋው ወይስ ልተወው? የልጆቹ የነገ ምሳ ዕቃ በሱ ነው። የሱቁ ዳቦ እያነሰ ዋጋው እየጨመረ ሲመጣ ቤት ልጋግር ብዬ ነው። ዱቄቱ የወፍጮ ነው፣ ምንም አልተቀላቀለበትም። እባካችሁ!

ሜሪ ከሲልቨር ስፕሪንግ
አይዞሽ እህቴ። ቴርሞሜትር መሀሉ ላይ ሰክተሽ 96 ዲግሪ ሲደርስ አውጪው። ኦቨኑን 190 ላይ አድርጊው። እኔ እንደዚያ ነው የምጋግረው፣ አርሮብኝ አያውቅም።

የናቲ እናት
ሜሪዬ ኦቨን የለኝም። ቴርሞሜትርም የለኝም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው።

ቢኒ
ሥሩን ለአባወራው፣ መሀሉን ለድመቷ 😀 አይዞሽ፣ ባለሙያዎቹ አሁን ይመጣሉ።

እትዬ ኮተቤ
ልጄ፣ አሁኑኑ አጥፊው። አክንባሎውን ግን አትክፈቺ። ሸክላው ሙቀት ይዟል፣ ሳይበራም ያበስልልሻል። ሰባት ስምንት ደቂቃ ቆይተሽ ላዩን በጣትሽ ንኪው። ጣትሽ ላይ ካልተጣበቀ ይገለበጣል። ከተጣበቀ እንዳትነኪው፣ ይፈርስብሻል፤ ከድነሽ ጠብቂ።
እስከዚያ ይህን መልሽልኝ። ኮባ አንጥፈሻል? ስንት ኪሎ ዱቄት ነው? ምጣዱ ላይ ቀደም ብሎ እንጀራ ተጋግሮበት ነበር?

ሀና ቢ
ገልብጪው። የኔም እንደዚያ ሲሆን እገለብጠዋለሁ።

የምግብ ነገር
የወፍጮ ዱቄት መጠቀምሽ በጣም ደስ ብሎኛል። ብዙ ሰው ነጩን ፉርኖ ነው የሚፈልገው። ፍሩሽካው ለከብት ይሄዳል፣ እኛ ነጩን እንበላለን። ፋይበሩ፣ ብረቱ፣ ቢ ቫይታሚኑ ያለው ግን በብዛት በዚያ በሚጣለው ውስጥ ነው። ያልተነፋ ዱቄት ያለው ዳቦ ልጆችን ቶሎ አያስርባቸውም፣ ሆድም አያደርቅም። ስኳር መጨመርም አያስፈልግም፣ እርሾው ያለ ስኳር ይሠራል። ገብስ መቀላቀል የምትፈልጉ እስከ ሩብ ድረስ ብቻ አድርጉ። ገብስ ሊጡን እንደ ስንዴ አያያይዘውም፣ ከዚያ ካለፈ ዳቦው ይደድራል። ስለ ጤፍ ደግሞ…

ሀና ቢ
ወንድሜ ዳቦዋ እያረረ ነው! 😂

ቆጥቤ ልኑር
ቅር አይበላችሁና፣ ቤት መጋገር ይቆጥባል የሚለውን አልቀበልም። የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። ለአንድ ዳቦ አንድ ሰዓት ሙሉ ካበራሽው 3.5 ኪሎዋት ሰዓት በላሽ ማለት ነው። በዚያ ላይ ዱቄቱ፣ እርሾው፣ ድካምሽ አለ። ዳቦ ቤት በአንድ እሳት መቶ ዳቦ ያወጣል። እህቴ በዚህ መንገድ የምታተርፊ አይመስለኝም።

የናቲ እናት
እትዬ እግዜር ይስጥልኝ። አጠፋሁት። እንጀራ ጋግሬ እንደጨረስኩ ወዲያው ነው የጣድኩት፣ ምጣዱ እንደጋለ ይጠቅመኛል ብዬ። ሁለት ኪሎ ዱቄት ነው። ኮባ አላገኘሁም። ላዩ አሁን ትንሽ ይጣበቃል።

እትዬ ኮተቤ
ያው ነው ምክንያቱ። እንጀራ የሚጋገርበት ሙቀት ለድፎ ይበዛል። እንጀራ ስስ ነው፣ በሁለት በሦስት ደቂቃ ይወጣል። ድፎ ወፍራም ነው። ሙቀቱ መሀሉ እስኪደርስ ሥሩ አለቀ። ሁለት ኪሎ በአንዴ ደግሞ በጣም ይወፍራል፤ ሌላ ጊዜ ለሁለት ክፈዪው።
አሁን የምታደርጊው ይኸውልሽ። ላዩ ሲጠነክር ንጹሕ ወረቀት ያነጠፍሽበት ሰፌድ ላይ አንሸራትቺው። በላዩ ትሪ ድፊበት። ሁለቱን አጥብቀሽ ይዘሽ ገልብጪ። ምጣዱ ላይ ፎይል ካለሽ አንጥፊ፣ ከሌለሽ የመጋገሪያ ወረቀትም ይሆናል። ያረረው ወደ ላይ ሆኖ መልሰሽ አንሸራትቺው። ክደኚው። አክንባሎው ዳር ላይ እንፋሎት የሚወጣበት ካለ በእርጥብ ጨርቅ ድፈኚው፣ ግን ጨርቁ ሸክላውን እንዳይነካ። ሳታበሪ ሩብ ሰዓት ተዪው። ከዚያ አምስት ደቂቃ አብሪ፣ አጥፊ፣ ደግሞ አሥር ደቂቃ ተዪው። ስንጥር ሰክተሽ ደርቆ ከወጣ በቃ።
ዱሮ እኛ እሳቱን ከሥር ቀንሰን ክዳኑ ላይ ፍም እንጨምር ነበር። የኤሌክትሪክ ምጣድ የላይ እሳት የለውም። ለዚያ ነው መገልበጥ ያለበት።

የዳቦ ቤት ልጅ
እትዬ ያሉት ትክክል ነው፣ እኔ ዳቦ ቤት ሠርቻለሁ። የሜሪን 96 ዲግሪ ግን አዲስ አበባ ላይ ያላችሁ አትጠብቁ። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የዳቦው ውስጥ ውሃ እያለበት ከዚያ አያልፍም። 96 እስኪል ከጠበቃችሁ ውሃው አልቆ ዳቦው ብስኩት ይሆናል። ከ88 እስከ 90 ሲደርስ አውጡት።
ሊጡም እዚህ ቶሎ ኩፍ ይላል። ለ1 ኪሎ ያልተነፋ ዱቄት 7 ግራም ደረቅ እርሾ፣ 20 ግራም ጨው፣ ከ650 እስከ 700 ሚሊ ሊትር ውሃ በቂ ነው። ዱቄቱ ውሃ እስኪጠጣ ሳታሹት ግማሽ ሰዓት ተዉት። ሰዓት እያያችሁ ሳይሆን ሊጡን እያያችሁ ጋግሩ። እጥፍ ሆኖ፣ በጣት ሲነካ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ጊዜው ደርሷል።
አንድ ነገር ደግሞ፦ ትኩሱን አትቁረጡት። በስሎም ቢሆን ትኩስ ሲቆረጥ ሊጥ ይመስላል። ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ።

ሜሪ ከሲልቨር ስፕሪንግ
የከፍታውን ነገር አላሰብኩትም፣ አመሰግናለሁ። እናቴ አዲስ አበባ ነው የምትጋግረው፣ ቴርሞሜትር ልኬላት ነበር። ዛሬውኑ እደውልላታለሁ።

የአዳማዋ
ለቆጥቤ ልኑር፦ ማነው አንድ ሰዓት አብርቶ የሚጋግረው? እንጀራ ስንጋግር ምጣዱ ይግላል። አጥፍተን አክንባሎውን ከፍተን ሩብ ሰዓት እናበርደዋለን። ዱቄት በተን አድርገን ወዲያው ካላጠቆረ ድፎውን እንጥዳለን። የሚበራው መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ነው። መብራቱ ለእንጀራው ተከፍሏል፣ ዳቦው በተረፈው ሙቀት ነው የሚበስለው። እኛ ቤት ስድስት ነን። አንድ ድፎ ሁለት ቀን ቁርስና ምሳ ዕቃ ይሆነናል።

ቆጥቤ ልኑር
እንደዚያ ከሆነ እስማማለሁ። ለብቻው ማብራቱን ነው የተቃወምኩት። አንድ ሰው ብቻውን ለሚኖር ግን አሁንም አያዋጣም።

ሀና ቢ
ገለበጥሽው የናቲ እናት?

የናቲ እናት
ላዩ ጠነከረ። ልገለብጠው ነው፣ ባለቤቴ ትሪውን ይዞልኛል።

ቢኒ
አባወራው እንዲህ ሲጠቅም ነው የሚያምረው 👏

የአዳማዋ
መሀሉ እምቢ ካለሽ እንዳትጥዪው። ሲቀዘቅዝ በጣት ውፍረት ቆራርጪና ምጣዱ ላይ በሁለቱም ጎን አድርቂው። ልጆች በማር ወይም በለውዝ ቅቤ ይወዱታል። ያረረውን ሥር ብቻ በቢላ ፋቂው፣ መራራው ያለው እሱ ላይ ነው።

ትዕግሥት ጂ
ይቅርታ፣ ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። ኮባ በዚህ ሰሞን የት ይገኛል? እኔ የምሄድበት ገበያ የለም።

እትዬ ኮተቤ
በዓል ሲቀርብ በየገበያው ይሞላል። አሁን ግን አትክልት የሚሸጡትን እናቶች አስቀድመሽ እዘዣቸው፣ ያመጡልሻል። የሙዝ ቅጠልም ይሆናል። አጥበሽ እሳት ላይ ለብለብ አድርጊው፣ ሳይሰነጠቅ ይተጣጠፍልሻል። ወፍራሙን የመሀል አጥንት ፋቂለት። ሁለት ድርብ አድርገሽ አንጥፊ፤ አንድ ብቻ ከሆነ ሥሩ ያርራል።