«ቪርቱ»ን ምን እንበለው? ትሩፋት፣ ጀግንነት ወይስ ሙያ?

ጀማሪ ተርጓሚ፦
ሰላም የቃል ወዳጆች። የፍሎሬንሱን ጸሐፊ የማኪያቬሊን «ልዑል» ከጣሊያንኛ ስተረጉም ምዕራፍ 8 ላይ «ቪርቱ» በሚለው ቃል ተገትሬያለሁ። ምዕራፉ ስለ ጥንታዊቷ የሲራኩስ ከተማ ሰው ስለ አጋቶክሊስ ነው፤ የሸክላ ሠሪ ልጅ ሆኖ እስከ ንግሥና የወጣ ሰው። ጸሐፊው የአገር ልጅ መግደልና ወዳጅ መክዳት ቪርቱ አይባልም ይልና፣ ወዲያው የዚያኑ ሰው ቪርቱ ያደንቃል። «ትሩፋት» ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ሁለተኛው ላይ ነፍሰ ገዳዩ ጻድቅ ሆኖ ቁጭ አለ። ምን ልበል?

የዋሸራው፦
«ትሩፋት» ከ«ተርፈ» ነው፤ ተረፈ፣ በለጠ። ትሩፍ ማለት ከሌላው አልፎ የተገኘ ነው። ግእዝ ያልቀመሰ ነው ጻድቅ የሚታየው።

ቡና ቁርስ፦
መምህር፣ አንባቢው ሁሉ ቅኔ ቤት አልዋለም። «የትሩፋት ሥራ» ሲባል ለሰው የሚታየው ጾምና ምጽዋት ነው። «ቪርቱ» ከላቲኑ «ቪር» ነው፣ ወንድ ማለት። «ወንድነት» ይበልና ይገላገል።

ባለጓዳ፦
ኧረ ወዲያ! «ሙያ» እያለ? አያቴ አንዲት ዶሮ 12 ብልት ሆና ስትወጣ ካየች «ሙያሽን አየሁት» ትላለች፤ ጦር ሜዳ ውሎ የመጣውንም «ሙያ ሠራ» ትለው ነበር። ምላሷ እሬት የሆነ ጎረቤት ነበረችን፤ አያቴ ወጧን እየቀመሰች «ሙያዋስ ሙያ ነበር፣ ክፋቷ ነው እንጂ» ትል ነበር። አጋቶክሊስ ይኸው አይደለም?

የዋሸራው፦
«ሞያ» ተብሎ ነው የሚጻፈው።

ቡና ቁርስ፦
ተጀመረ።

ባለጓዳ፦
«ሙያ በልብ ነው» ሲባል አልሰሙም መምህር?

ቡና ቁርስ፦
እሱማ ምዕራፍ 18 ነው! ልዑል አንበሳም ቀበሮም ይሁን ይላል አይደል፤ ቀበሮው በልቡ የያዘው ነው።

ባለጓዳ፦
አይደለም። ተረቱ ሳትሠራ አትፎክር ነው የሚለው። ቀበሮው ይዋሻል። ዝም ማለትና መዋሸት አንድ አይደሉም።

ቡና ቁርስ፦
ዝም ያለ ሰው ምን እንዳሰበ በምን ይታወቃል?

የዋሸራው፦
ከፍሎሬንሱ ሰው የግሪኩ ፈላስፋ አፍላጦን (ፕላቶ) ይሻላል። መርከቡን የሚመራው ከዋክብትንና ነፋሳትን ያወቀ ነው፤ የመርከቡን መሪ ለመያዝ የሚጋፉት መርከበኞች ግን ኮከብ ቆጣሪ ይሉታል። እኛም ዘንድ ያው ነው፤ መሪጌታን ማን በድምፅ ብልጫ ሾመው? ዜማውን ስላወቀ ይመራል። «መርሐ» ማለት ራሱ መንገድ ማሳየት ነው።

ቡና ቁርስ፦
ኮከብ ቆጣሪ ያሉትን ሰው ግን በግልዎ የወሰዱት ይመስላል 😄 ደግሞ መሪጌታ ቢስት ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ ዓይን ለዓይን ይተያያሉ። ልዑሉ ሲስት የሚተያይ ሰው ቀድሞ ታስሯል። ማኪያቬሊ ራሱ በ1513 ታስሮ ተሠቃይቷል፤ ማወቅ ብቻውን እንደማይበቃ ያየ ሰው ነው።

ባለጓዳ፦
እኔም የምለው ይህንኑ ነው። እውቀት ኖሮት ሙያ የሌለው ስንት አለ! የወጥ አሠራር ሲተነትን ይውልና ሽንኩርቱን ያሳርራል።

የዋሸራው፦
እኔን ነው?

ጀማሪ ተርጓሚ፦
ኧረ ጥያቄዬ! ሁለቱም ቦታ «ሙያ» አስገብቼ አነበብኩት። «ወዳጅን መክዳት ሙያ አይባልም» ጆሮ ይቀበለዋል። ቀጥሎ «ወደ አደጋ ገብቶ የወጣበት ሙያው ግን...» ሲል ደግሞ የአያትዎ ድምፅ መጣብኝ። ችግሩ፣ በአማርኛ ጸሐፊው ራሱን የተቃረነ አይመስልም፤ በጣሊያንኛው ግን ይመስላል። ያንን ተቃርኖ ላቆየው ወይስ ልተወው?

የዋሸራው፦
መጀመሪያ «ሞያ» ብለህ አስተካክል።