«ሳይለንት ረኒንግ» (1972)፦ ሮቦቶቹ ውስጥ ማን ነበር? መርከቡስ ከምን ተሠራ?

ሪል ቁጥር 7 ጠየቀ፦

የዳይሬክተር ዳግላስ ትራምቡልን «ሳይለንት ረኒንግ» (የምድርን የመጨረሻ ጫካዎች በጉልላት ውስጥ ተሸክሞ በሕዋ የሚሄድ መርከብ ፊልም) የምታውቁ ሦስት ነገር አጣሩልኝ። አንደኛ፣ ሦስቱ አጫጭር ሮቦቶች በሪሞት ነው የሚሄዱት ወይስ ሰው አለባቸው? እርምጃቸው እንደ ማሽን ድርቅ ያለ አይደለም፤ የልጅ እርምጃም አይመስልም። ሁለተኛ፣ አንድ ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለተመደበለት ፊልም የመርከቡ ውስጥ ከልክ በላይ ሰፊ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ የተሠራ አይመስልም። ሦስተኛ፣ ከውጭ የሚታየው መርከብ ሞዴል መሆኑ ይገባኛል፤ ያን ሁሉ ዝርዝር ግን በምን ሞሉት? ለአጭር ፊልም አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን መርከብ ለመሥራት ታስቧል፤ የሚበላሸውን ነገር ጭምር ብትነግሩኝ።

ጉልላት መለሰ፦

ሰው አለባቸው፤ ልጆች ግን አይደሉም። ሁለቱንም እግራቸውን ያጡ አራት ተዋንያን ናቸው፦ ማርክ ፐርሰንስ፣ ሼሪል ስፓርክስ፣ ስቲቨን ብራውን እና ላሪ ዊዘንሀንት። ትራምቡል ሐሳቡን ያገኘው ከጆኒ ኤክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1932 በወጣው «ፍሪክስ» ፊልም ላይ በእጆቹ ሲራመድ የሚታየው ትርዒተኛ።

ተዋናዩ ሣጥኑን ይለብስና በእጆቹ ይሄዳል። አንተ የሮቦት እግር የምትለው የሰው ክንድ ነው፤ የሮቦቱ ጫማ ውስጥ ያለው መዳፍ ነው። ያ ወዲያ ወዲህ የሚል አካሄድ የመጣው ክብደቱን የተሸከመው ዳሌ ሳይሆን ትከሻ ስለሆነ ነው። ሙሉ አካል ያለው ሰው ብታስገባበት እግሩን የምታጥፍበት ቦታ ትፈልጋለህ፤ ሣጥኑ ይወፍራል፣ ተመልካቹም «እዚህ ውስጥ ሰው ተጣጥፏል» ብሎ ወዲያው ያውቃል። እዚህ ግን ቅርጹ ለሰው አካል ቦታ ያለው ስለማይመስል ዓይን ይሸነፋል።

ሮቦቶቹ፣ ሁዊ፣ ዱዊና ሉዊ፣ ፊት የላቸውም፣ አያወሩም። ሁሉም ነገር ያለው በማዘንበልና በመዘግየት ነው። ሎውል (ብሩስ ደርን የሚጫወተው ዋናው ገጸ ባሕርይ) ሁዊን በመኪናው ከገጨው በኋላ ዱዊ ከጎኑ አልርቅም የሚልበትን ቦታ ደግመህ እየው። ሉዊ በሳተርን ቀለበት መሀል ሲያልፉ ከመርከቡ ጀርባ ተጠርጎ ሲሄድ ደግሞ የምናየው የቀረችውን አንዲት እግር ብቻ ነው። ለእኔ ፊልሙ ውስጥ ከብሩስ ደርን ጩኸት ሁሉ ያቺ እግር ትበልጣለች።

ታችኛው ደርብ መለሰ፦

በሁለተኛው ጥያቄ ጥርጣሬህ ልክ ነው። ኮሪደሩና የዕቃ ማከማቻው እውነተኛ መርከብ ውስጥ ነው የተቀረጸው፦ ዩኤስኤስ ቫሊ ፎርጅ የተባለ አውሮፕላን ተሸካሚ። የእኛ ቃኘው ሻለቃ በዘመተበት የኮሪያ ጦርነት፣ ሐምሌ 1950 ላይ ፒዮንግያንግን የደበደቡት የአሜሪካ የባሕር ኃይል አውሮፕላኖች የተነሡት ከእሱ ላይ ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በ1970 ከአገልግሎት ወጥቶ ሎንግ ቢች ቆሞ ሳለ በ1971 መጀመሪያ ቀረጻው ገባ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠ። የሕዋ መርከቡ ስም «ቫሊ ፎርጅ» የሆነው ለዚህ ነው።

ገንዘቡንም ያዳነው ይኸው ነው። ዩኒቨርሳል በዚያን ጊዜ ለወጣት ዳይሬክተሮች አንድ ሚሊዮን ገደማ እየሰጠ እጁን ይሰበስብ ነበር፤ «አሜሪካን ግራፊቲ»ም የዚያው ዕቅድ ልጅ ነው። በዚያ ገንዘብ ይህን ያህል ብረት፣ ቧንቧና ወፍራም በር ከባዶ መሥራት አይታሰብም። ዋጋው ሌላ ቦታ ይከፈላል፦ የመርከብ ግድግዳ እንደ ስቱዲዮ ግድግዳ ተነቅሎ ለካሜራ ቦታ አይለቅም፣ ጣሪያውም ዝቅ ያለ ነው።

ጫካው ግን መርከቡ ላይ አልነበረም። ቫን ናይስ ያለ የአውሮፕላን ሃንጋር ውስጥ ተተከለ። መጀመሪያ የታሰበው ሚልዋኪ ያሉት የሚቸል ፓርክ የመስታወት ጉልላቶች ነበሩ፤ በጀቱ አልፈቀደም። የጉልላቶቹ ቅርጽ ሴንት ሉዊስ ካለው ክላይማትሮን ከተባለ ጉልላት የዕፅዋት ቤት የተወሰደ ነው።

ሙጫና መጋዝ መለሰ፦

ወደ ሞዴሉ ልግባ። የእነሱ 25 ጫማ ያህል ነበር፣ ሰባት ሜትር ተኩል በለው። ገጽታው በራሳቸው ከቀረጿቸው ክፍሎች ሌላ ከ650 ገደማ የጀርመን ታንክ ሞዴል መገጣጠሚያ ሣጥኖች በወጡ የፕላስቲክ ቁርጥራጮች ተሞላ። በቀረጻው መሀል ቁርጥራጩ ይረግፍ ነበር። አሜሪካን ኤርላይንስ (አርማው መርከቡ ላይ አለ) ሞዴሉን ለትርዒት ሊያዞረው ፈልጎ የቀረው በዚሁ ስስነቱ ነው።

ለአንተ ስንት ሣጥን ይበቃል? በርዝመት አታስላ፣ በስፋት አስላ። የአንተ በርዝመት አምስት ጊዜ ያንሳል፤ ገጽታው ሃያ አምስት ጊዜ። 650 ለ25 ሲካፈል 26 ሣጥን ነው። ነገር ግን 1/35 መጠን ያላቸውን (ከእውነተኛው ታንክ በርዝመት 35 ጊዜ የሚያንሱትን) ከገዛህ የታንኩ ጎማ ከመርከብህ ጋር ሲነጻጸር ግዙፍ ይሆንና መርከቡን ያሳንሰዋል። 1/72 ግዛ፣ ቁጥሩን ጨምር።

አጥንቱን ከአሉሚኒየም ካሬ ቱቦ ሥራ፤ እንጨት እርጥበት ሲያገኘው ይጣመማል። ላዩን በ2 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ ሉህ አልብሰው። ሰዎች የሚሳሳቱት ማጣበቂያው ላይ ነው። ከሞዴል ጋር የሚሸጠው ፈሳሽ ማጣበቂያ ፕላስቲኩን አቅልጦ የሚያዋህድ ነው፤ ፕላስቲክ ከፕላስቲክ ጋር እንጂ ብረት ወይም እንጨት ላይ አይዝም። ዛሬ የያዘ ይመስልሃል፣ ነገ መብራት ሲሞቀው ይረግፋል። ሉሁን ከአጥንቱ ጋር በኢፖክሲ (ሁለት ነገር ተቀላቅሎ የሚጠነክር ሙጫ)፣ ትንንሹን ቁርጥራጭ ከሉሁ ጋር በፈሳሹ። ሱፐር ግሉ ፈጣን ነው፣ ግን ደርቆ ይሰበራል፤ ሞዴሉን ስታንቀሳቅስ መጀመሪያ የሚለቀው እሱ ነው።

ሁሉንም ቦታ አትሙላ። ሲሶውን ባዶ ተወው፣ ዓይን የሚያርፍበት ይፈልጋል። ዝርዝሩን በመጋጠሚያው ዙሪያና በጠርዙ አካባቢ አከማች። ተለጥፎ ሲያልቅ መጀመሪያ ሁሉንም አንድ ዓይነት ግራጫ ቀባ፤ የተለያየ ቀለም ያለው ፕላስቲክ እስካለ ድረስ የምታየው መርከብ ሳይሆን የታንክ ጎማ ነው።

ቀረጻው ላይ አፐርቸሩን (የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ) አጥብበህ f/16 ወይም f/22 አድርግ። ከፊት ወይም ከኋላ ከደበዘዘ «አሻንጉሊት ነው» ይላል። ብርሃኑ ያንሳል፤ እሱን በረጅም ሻተር፣ ፍሬም በፍሬም እያነሣህ ካስ። የሚፈነዳ ወይም የሚወድቅ ነገር ካለህ ግን ይህ አይሠራም፤ በፍጥነት መቅረጽ አለብህ፣ የተለመደውን 24 ፍሬም በሰከንድ ሞዴሉ ከእውነተኛው በሚያንስበት ቁጥር ስኩዌር ሩት እያባዛህ። ለ1/25 ሞዴል 120 ፍሬም በሰከንድ ማለት ነው።

ሪል ቁጥር 7፦

26 ሣጥን ከሆነ ይቻላል። ከመስኮቱ ውጭ የሚታየው ጠፈርስ? ከተዋናዩ ጀርባ ያለው ማለቴ ነው። ሰማያዊ ጨርቅ ነው?

ጉልላት መለሰ፦

ፍሮንት ፕሮጀክሽን ነው፤ የጀርባው ሥዕል ከፊት በኩል ከተዋናዩ ጀርባ ባለ መጋረጃ ላይ ይጣላል። መጋረጃው ስኮችላይት ነው፤ የትራፊክ ፖሊስ ሰደርያ ላይ ያለው ዓይነት ብርሃኑን ወደ መጣበት የሚመልስ ነገር። ካሜራው ፊት ግማሽ የሚያሳልፍ ግማሽ የሚያንጸባርቅ መስታወት በ45 ዲግሪ ይቆማል፤ ፕሮጀክተሩ ከጎን ሆኖ መስታወቱ ላይ ይተኩሳል። ካሜራና ፕሮጀክተር በአንድ መስመር ላይ ስለሚሆኑ ተዋናዩ የሚጥለው ጥላ ከራሱ ጀርባ ይደበቃል።

የሚበላሽባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። ሌንሶቹ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከተዛነፉ በተዋናዩ ጠርዝ ላይ ጥቁር መስመር ይወጣል። መስታወቱን አልፎ የሚሄደውን ግማሽ ብርሃን ማዶ ጥቁር ከፋይ ሰቅለህ ካልዋጥከው ተመልሶ ሥዕሉን ያጨሰዋል። መብራቱ ሲሄድ ግማሹን፣ ሲመለስ ግማሹን ስለሚያጣ ሩቡ ብቻ ይተርፋል፤ መጋረጃው ያንን ቢክስም መነጽርና አብረቅራቂ ልብስ ግን ያጋልጡሃል። የስታንሊ ኩብሪክ «2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሲ» ፊልም መጀመሪያ ላይ የነብሩ ዓይኖች የሚበሩት በዚሁ ምክንያት ነው። ካሜራውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማንቀሳቀስም እርሳው።

«2001»ን ካነሣን አይቀር፦ እዚያ ላይ ጉዞው ወደ ሳተርን እንዲሆን ነበር የታሰበው፤ ቀለበቱን አሳማኝ አድርጎ መሥራት ስላልተቻለ ወደ ጁፒተር ተቀየረ። ትራምቡል የዚያ ቡድን አባል ነበር፣ ቀለበቱን እዚህ ሠራው።

ታችኛው ደርብ መለሰ፦

አንድ ነገር ግን አይታለፍ። ሎውል የዕፅዋት ባለሙያ ነው፤ ጫካው ሲጠወልግ ፀሐይ መራቋን ለማወቅ ያን ያህል ጊዜ መፍጀቱ ለማንም አይዋጥም። ማንኛውም ጓሮ ያለው ሰው በሁለተኛው ቀን ይነግረው ነበር።

እና የ1978ቱን «ባትልስታር ጋላክቲካ» ስታይ ጉልላት የተሸከሙት የእርሻ መርከቦች ካጋጠሙህ አዲስ ሞዴል መስሎህ እንዳታጠና። ከዚሁ ፊልም የተቆረጠ ቀረጻ ነው።