እናት ዝሆን ሲል (ትልቅ የባሕር አጥቢ እንስሳ) ከወንድ ጋር ከተገናኘች በኋላ ክብደቷን እንዴት ትመልሳለች?

ጠያቂ፦ ካሊፎርኒያ፣ አኞ ኑዌቮ ዳርቻ የሚወልዱት የሰሜን ዝሆን ሲሎች ሲያጠቡ ምንም አይበሉም። ታዲያ ባሕር ሲመለሱ ጉድለቱን በምን ይሞላሉ?

ጥልቅ ውሃ፦ 4 ሳምንት ገደማ በጾም ታጠባለች። ወተቱ መጀመሪያ ቀጠን ይላል፤ መጨረሻው ላይ ግማሽ ያህሉ ስብ ነው። እናት ከክብደቷ ወደ 40 በመቶ ታጣለች። ጡት ልታስጥል ጥቂት ቀን ሲቀራት ከወንድ ጋር ትገናኛለች፤ ከዚያ ግልገሉን ትታ ትሄዳለች። ባሕር ላይ ያላት ጊዜ 10 ሳምንት ገደማ ብቻ ነው። 20 ደቂቃ ያህል ከ400–600 ሜትር ትጠልቃለች፣ 2 ደቂቃ ተንፍሳ እንደገና ትወርዳለች። የምትይዛቸው ዓሣዎች ጥቃቅን ስለሆኑ ቀንም ሌሊትም ካላደነች አይበቃትም።

ስብ ቆጣሪ፦ በዚህ ጉዞ ግን ለሁለት አትበላም! ጽንሱ ለወራት ሳያድግ ይቆያል። ቆዳዋን ለመቀየር ዳርቻ ወጥታ አንድ ወር ያህል ዳግም ትጾማለች፤ የእርግዝናው ስንቅ የሚሰበሰበው በቀጣዩ የ7 ወር ገደማ ጉዞ ነው።

ጠያቂ፦ ባሕር ላይ እያለች መወፈሯ በምን ይታወቃል?

ስብ ቆጣሪ፦ ሳትዋኝ በምትሰምጥበት ፍጥነት። የከሳች ቶሎ ትሰምጣለች፤ ስብ ሲጨምር ይዘገያል፣ በጣም ከወፈረች እንዲያውም ትንሳፈፋለች። ሰውነቷ ላይ የተለጠፈው መለኪያ ጥልቀትንና ሰዓትን ከመዘገበ ይበቃል።