ሂዩሚዲፋየር (የቤት አየር ማርጠቢያ ዕቃ) ጉንፋን ይከላከላል ወይስ የሻጭ ወሬ ነው?

የሁለት ልጆች እናት (ሚኒያፖሊስ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ብርዱ ገብቷል፣ ሂተሩ ቀንና ሌሊት ይሠራል። ልጆቼ ከዴይኬር (ከሕፃናት ማቆያ) ጉንፋን ይዘው ይመጣሉ፣ አንዱ ሳይለቃቸው ሌላ ይተካል። ሌሊት ደግሞ ይነስራቸዋል። ጎረቤቴ «ቫይረሱን የሚያባብሰው ደረቅ አየር ነው፣ ሂዩሚዲፋየር ግዢ» አለችኝ። እውነት ነው? እርጥበቱስ ስንት ላይ ነው የሚደረገው?

ላብራቶሪ ሰው፦
ጎረቤትሽ እውነት አላት። ዜሮ ዲግሪ ላይ ያለ አየር ቢሞላ ቢሞላ በአንድ ሜትር ኩብ 5 ግራም ገደማ ውሃ ነው የሚይዘው። እሱኑ ቤት አስገብተሽ 22 ዲግሪ ስታሞቂው ወደ 19 ግራም የመያዝ አቅም ያገኛል፣ ውሃው ግን ያው 5 ስለሆነ እርጥበቱ 25 በመቶ ላይ ቁጭ ይላል። ከዜሮ በታች 15 ሲሆንማ 10 በመቶም አይሞላ። በ2007 (እ.ኤ.አ.) ኒውዮርክ ማውንት ሳይናይ የሚባል የሕክምና ትምህርት ቤት ኢንፍሉዌንዛ የያዛቸውን ጊኒ ፒጎች (አይጥ መሰል የላብራቶሪ እንስሳት) ከጤነኞች ጋር አስቀምጠው ሞከሩት። 20 ዲግሪ ሙቀት ላይ፣ እርጥበቱ 20 እና 35 በመቶ ሲሆን በሽታው በደንብ ተላለፈ፤ 80 ሲገባ መተላለፉ ቆመ። በደረቅ አየር ከአፍ የሚወጣው ጠብታ ቶሎ ተንኖ ይቀላል፣ አየር ላይ ይንሳፈፋል። አፍንጫም ሲደርቅ ቆሻሻ ጠርገው የሚያስወጡት ጥቃቅን ፀጉሮች ሥራቸው ይዳከማል።

የፒያሳ ልጅ፦
ይቅርታ ግን አልገባኝም። ሐምሌ ላይ አዲስ አበባ ዝናቡ ሳያባራ፣ ልብስ እንኳ አልደርቅ እያለ፣ ሰው ሁሉ የሚያስለው ታዲያ በየትኛው ድርቀት ነው?

ላብራቶሪ ሰው፦
እርጥበት ብቻውን አይወስንማ። በሞቃታማ አገሮች ኢንፍሉዌንዛ በዝናብ ወቅትም ይነሳል። ሰው በር ዘግቶ ይታጨቃል። አንድ ተሳፋሪ መስኮት ሲከፍት «ንፋስ ይመታናል!» ተብሎ የሚጮህበትን ታክሲ አስበው፣ የሁሉም ትንፋሽ እዚያው ይዞራል። ለኔ ከእርጥበቱ በፊት መስኮቱ ይቀድማል።

ነርስ ነኝ፦
እህቴ፣ ግዢው፣ ግን ተአምር አትጠብቂ። ነስሩን ያቀልልሻል። ዴይኬር ውስጥ ፊታቸው ላይ የሚያስነጥሰውን ልጅ ግን አያስቆምም፣ የኢንፍሉዌንዛ ክትባታቸውን አስወጊ። መጀመሪያ ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ግዢና እይ። ከ30 እስከ 50 በመቶ ይበቃል። እዚያ ብርዱ ሲብስ 40ም ሊበዛ ይችላል፤ መስታወቱ ላይ ውሃ መንጠባጠብ ከጀመረ ቀንሺ፣ አለዚያ ሻጋታ ይከተላል። ውሃውን በየቀኑ ቀይሪ፣ ዕቃውንም እጠቢ፣ ካልታጠበ እሱ ራሱ ባክቴሪያ ይረጫል። የቧንቧ ውሃ ነጭ አቧራ ካበዛብሽ የተጣራ፣ ዲስቲልድ የሚሉትን ተጠቀሚ።

የሁለት ልጆች እናት፦
ተባረኩ! እናቴማ ባህር ዛፍ አፍልተሽ ክፍሉ ውስጥ አስቀምጪ ትለኛለች።

ነርስ ነኝ፦
ሽታው ደስ ይላል። ግን የፈላ ድስት ልጆች ባሉበት ወለል ላይ በጭራሽ! ስንቱ ሕፃን በዚህ ተቃጥሎ መጥቷል መሰለሽ።