ከሙቀት ክፍል የምትወጣ ልጅ በመንዝ ብርድ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ባለቤቴ በ32 ሳምንቷ ወልዳ ልጃችን ሙቀት ክፍል ከገባች ዛሬ 16 ቀኗ ነው። ስትወለድ 1 ኪሎ ከ450 ግራም ነበረች፤ አሁን 1 ኪሎ ከ600 ደርሳለች፣ ተመስገን። ወተት የሚሰጣት በአፍንጫዋ በገባ ቀጭን ቱቦ ነው።

የጨነቀኝ መጀመሪያ የእናቲቱ ነገር ነው። በየ3 ሰዓቱ ጡቷን እያለበች ታቀብላለች፤ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ግን ቀነሰባት። ማደሪያ የለም፤ ኮሪደር ላይ ጋቢ ተከናንባ ነው የምታድረው። (ነርሶቹን አልወቅስም፣ እነሱም አልቀመሱም እንቅልፍ።) ልጅቷን ደረቷ ላይ ቆዳ ለቆዳ አድርጋ ብትይዛት ወተቱም እንደሚመጣላት፣ ልጅቷም እንደምትሞቅ ነግረውናል፤ የሚፈቀድላት ግን በቀን 1 ሰዓት ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ8 እስከ 24 ሰዓት ነው። ሳላስቀይም እንዴት ብዬ ልጠይቅ? እኔስ ተራ ገብቼ ደረቴ ላይ ልይዛት ብል ይፈቅዱልኛል?

ደግሞ ቤታችን መሐል ሜዳ አጠገብ ነው፤ ብርዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። እናቴ ከአሁኑ ከሰል አዘጋጅታለች፣ ቅቤም ላልሳት ትላለች። ሐኪሙ የከሰል ጭስ መርዝ ነው፣ ከእናት ጡት በቀር ጠብታ ውሃም እንዳትቀምስ ብሏል። እማዬን እንዴት ላሳምናት? እኔ ብናገር «አንተንስ በምን አሳደግሁህ?» ነው መልሷ። ያለ ከሰል ቤት ያሞቃችሁ በምን ተወጣችሁት? ክርስትናዋስ፣ 80 ቀኗ ሲሞላ በዚያ ውሃ መነከሩን ትችለዋለች ወይስ ቄሱን ማማከር ይሻላል? ያለፈበት ሰው ካለ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።