ሣሩ ቦታ ቦታ ተመልጧል፤ የትኛውን ዘር ልግዛ?

ጠያቂ፦ እባካችሁ ቶሎ! የግቢዬ ሣር ክብ ክብ እየሠራ ተመልጧል። ሱቅ ውስጥ ቆሜ ነው የምጽፈው። ራይግራስ፣ ፌስኪው፣ ሰርዶ የሚሉ ከረጢቶች አሉ። ሻጩ «ሁሉም ያው ነው» ይለኛል። እንግዳ ሊመጣብኝ ነው።

ጋሼ አፈር፦ ልጄ፣ ያው አይደለም። ሰርዶ ሙቀትና ሙሉ ፀሐይ ይፈልጋል፤ ጥላ ላይ ይሳሳል። ራይግራስ ቀዝቀዝ ያለ አየር ይስማማዋል፤ ከ5 እስከ 10 ቀን ውስጥ ብቅ ይላል። ደግሞ የከረጢቱን ጀርባ አንብቢ። «ዓመታዊ» ካለ አንድ ወቅት አጊጦ ይሞታል። «ቋሚ» የሚለውን ፈልጊ። ስንት በመቶው እንደሚበቅልና የአረም ዘር እንዳለበትም እዚያው ይጻፋል። ለመሆኑ ነባሩ ሣር ምንድን ነው? ፀሐይስ ያገኛል?

ሳቂታው፦ አረንጓዴ ምንጣፍ አንጥፊበት፤ እንግዳ ምን ያውቃል!

ሚሚ፦ ራይግራስ ግዢ። ቶሎ ይደርስልሻል።

ጠያቂ፦ ፀሐይ ሞልቷል። ሣሩ መሬት ለመሬት የሚሳበው ዓይነት ነው።

ሚሚ፦ ራይግራስ አልኩሽ እኮ።

ሞጋች፦ ቆይ፣ ዘር ምን ያደርግልሻል? የሚሳብ ከሆነ ሰርዶ ወይም ኪኩዩ ነው። ከማይታይ ጥግ ከነሥሩና ከነአፈሩ በአካፋ ቆርጠሽ ትከይው፤ እየተሳበ ራሱ ይሞላዋል። መሃሉ ራይግራስ ብትዘሪበት ቀለሙም ቅጠሉም ስለሚለይ የተጣፈ ልብስ ይመስላል። ይልቅ ለምን ተመለጠ? ውሻ አለሽ?

ጠያቂ፦ አለኝ። ምን አገናኘው?

ሞጋች፦ የክቡ ዳር ከሌላው ይበልጥ ለምልሟል? እንግዲያው ሽንት ነው። ናይትሮጅኑ መሃል ላይ በዝቶ ያቃጥላል፤ ዳር ላይ ሲደርስ ስለሚሳሳ ማዳበሪያ ይሆናል። መጀመሪያ ብዙ ውሃ አፍስሺና እጠቢው። ያለዚያ አዲሱም ይቃጠላል።

ሳቂታው፦ ውሻው ይህን አንብቦ ተቀይሟል።

ጓሮ ወዳድ፦ መዝራትሽ ካልቀረ የሞተውን ቧጥጠሽ አንሺ። ላዩን አፈር አላልተሽ ዘሩን በትኚ፤ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር በላይ አትቅበሪው። ከዚያ ረገጥ ረገጥ አድርጊው፤ ዘሩ አፈሩን ካልነካ ደርቆ ይቀራል። እስኪበቅል ላዩ አይድረቅ። በቀን ሁለት ሦስቴ በስሱ ርጪው፤ በቱቦ ከለቀቅሽበት ግን ዘሩ ተጠራርጎ አንድ ጥግ ይከማቻል።

ሚሚ፦ ታዲያ የቱን ገዛሽ?

ጋሼ አፈር፦ ሱቁ ሳይዘጋ መልሺልን እንጂ!

አላፊ፦ ጣልቃ ልግባና፣ የኔ የተመለጠው ዛፍ ሥር ነው። ሰርዶ ዘርቼ እምቢ አለኝ።

ጋሼ አፈር፦ እምቢ ይላላ፣ ጥላ ነው። ቅጠሉ ቀጭን የሆነውን ፌስኪው ሞክር። የረገፈውን ቅጠል ቶሎ ቶሎ አንሳለት። ድቅድቅ ጥላ ከሆነ ግን ቅርንጫፉን ካላሳሳህ የትኛውም ዘር አያዋጣህም።